የአባቴ አረንጓዴ ባትሪ

አባቴ ዓይኑን ሊያጣ የደረሰው የእኔን ክብር እጠብቃለሁ ብሎ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር፣ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ሆኜ እንኳ፣ አንገቴን እደፋለሁ። ሌላውን ነገር ሁሉ ሳወራ ደፋር ነኝ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልጽፈው ቆረጥኩ።

እህቴ የደወለችልኝ ከረጅም በረራ ተመልሼ አዲስ አበባ ቤቴ ሶፋ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ ነው። ድሬ ዳዋ ከአባታችን ጋር የምትኖረው እሷ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ፣ «የዓይን ሐኪሙ ተቆጣን» አለችኝ። «ግላኮማ ነው፣ የዓይኑ ግፊት ጨምሯል አለ። አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ካልተሠራለት ያለችውም ብርሃን ትሄዳለች፣ ከሄደች ደግሞ አትመለስም አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ለነገ ቲኬት እቆርጥላችኋለሁ።»

«አልሄድም አለ።»

«ለምን?»

«አቦ፣ ነይና ራስሽ ጠይቂው!» አለችኝ። «ባንቺ ምክንያት ነው።» ስልኩን ዘጋችው። እህቴ ስልክ የምትዘጋብኝ በጣም ስትናደድ ብቻ ነው።

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። አንዴ ወደ ጅቡቲ፣ አንዴ ወደ አዋሽ እየተመላለሰ ዕድሜውን በአሮጌው ሐዲድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ዛሬ እሱም ጡረታ ወጥቷል፣ ሐዲዱም ጡረታ እንደወጣ ሰው ፀሐይ እየሞቀ ተጋድሟል፤ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ቤታችን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ከሐዲዱ ጥቂት ወዲህ ነው። በልጅነቴ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ ይንጫጩ ነበር።

የድሬ ባቡር ነጂዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ነጂው በባልደረባው ቤት አጠገብ ሲያልፍ ጡሩምባውን ይነፋል። ለገዛ ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ሐዲድ ዳር ለሚኖር ባልደረባ ሁሉ እንጂ። ባልደረባው ታሞ ከተኛ ረዘም ያደርገዋል፤ ልጅ ከተወለደለት ደጋግሞ ይነፋል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ወጥቶ ሰላምታውን መመለስ አለበት፤ ቀን ከሆነ በጨርቅ፣ ማታ ከሆነ በፋኖስ። ሳይመልስ የቀረ ቤት ይወራበታል። «ኩሩ ሆኑ» ይባላል፣ ነጂዎቹም ያኮርፋሉ። እናቴ ልብስ እያጠበች ከሆነ የሳሙና አረፋው ከክንዷ ሳይወርድ እየሮጠች ስትወጣ፣ ያገኘችውን እርጥብ ልብስ ስታውለበልብ አስታውሳለሁ። ለአባቴ ባቡር ብቻ አልነበረም የምትሮጠው። ለሁሉም ትሮጥ ነበር።

እንግዲህ አውሮፕላን አብራሪ የሆነች ልጅ የወለደው ይህ ሰው ነው።

እኔ እስከማውቀው ከሰፈራችን አውሮፕላን ያበረረች ሴት ከእኔ በፊት አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር ወንድ እንኳ አልነበረም። ማሠልጠኛው ስገባ በክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ አስተማሪ ክፍል ሲገባ «ጤና ይስጥልኝ ወንድሞች» ይልና እኔን ሲያይ «እና እህታችን» ብሎ ይጨምር ነበር፤ እስክመረቅ ድረስ አልተወውም። ካፒቴን ሆኜ እንኳ፣ በሩ ጋ ቆሜ መንገደኞችን ስሸኝ፣ አንድ ደህና ሰው የሚመስል ጎልማሳ የጠጣበትን ባዶ ብርጭቆ አቀብሎኝ ወርዷል። እኔም ተቀብዬዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ይህን ሁሉ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ እየሳቅሁ አውርቻለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን ያላወራሁት ነው።

ማሠልጠኛ በገባሁ ሰሞን አፌን ስከፍት «አቦ» ትወጣለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በክፋት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ የድሬ ልጅ ይወደዳል፣ ሰው ገና ሲያይሽ ፈገግ ይላል፣ ቀልድ ይጠብቅብሻል። እኔ ግን ቀልድ እንዲጠበቅብኝ አልፈለግኩም። ብቸኛ ሴት ሆኜ ደግሞ የሚሳቅላት ብሆን፣ አውሮፕላን የሚያስረክበኝ ያለ አልመሰለኝም። «አቦ»ን ዋጥኳት። የሰው መጥሪያችንን «ዋርያ»ን ዋጥኳት። ቃላቱ ሲያልቁ አነጋገሬን ሞረድኩት። ከዚያ ወዲህ የማን ልጅ ነሽ፣ የት አደግሽ የሚለኝ እየጠፋ ሄደ፤ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም። ስለ አባቴ ሥራ የጠየቀኝ ቢኖር፣ «ትራንስፖርት ውስጥ ነበሩ» እላለሁ። አንቱ ብዬው! አባቴን በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም፤ እንደዚያ ስለው ግን ሚኒስትር ይመስልልኛል።

ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛዋ፣ «ይህን ሙያ ማን በልብሽ አስገባው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ሆኜ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሳይ ነው አልኳት። ውሸት ነው። አባቴ ነዋ! ባቡሩ ጣቢያ በቆመበት ሁሉ አቅፎ ወደ ነጂው ክፍል ያወጣኝ፣ የሞተሩን መለኪያ ሰዓቶች በኮፍያው ሸፍኖ «አሁን ሞተሩ ደህና ነው ወይስ ደክሞታል? በጆሮሽ ንገሪኝ» እያለ የሚፈትነኝ። በኋላ መምህሮቼ ሞተር ታዳምጫለሽ ብለው ያደነቁኝ ከዚያ ያመጣሁት ነው። ይህን የመሰለ ነገር እያለኝ ከጥናት መጽሐፍ የተቀዳ የሚመስል መልስ ሰጠሁ። አባቴ ያንን ቃለ ምልልስ ጎረቤት ሰብስቦ እንደሰማው እህቴ ነግራኛለች። ምን አለ ብዬ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሳፍሬ ድሬ ወረድኩ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ያ ሙቀት ፊቴን አለኝ። ሻሽ አስሬ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ባጃጅ ያዝኩና ቤታችን ያለበትን ነገርኩት። ባለ ባጃጁ ወዲያው ዞር አለ።

«የሽማግሌው ባቡር ነጂ ቤት ጋ? የባለ አረንጓዴው ባትሪ?»

ምን እንደሚል አልገባኝም። «የምን ባትሪ?» አልኩት።

«አታውቂም እንዴ? እንግዳ ነሽ መሰለኝ። ልጃቸው ፓይለት ናት። ማታ ማታ በቤታቸው ላይ ስታልፍ መብራቷን ቦግ አድርጋ ሰላም ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ወጥተው በአረንጓዴ ባትሪ ይመልሱላታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወላሂ፣ አላህ ልጅ ከሰጠኝ እንደሷ ዓይነት ስጠኝ ብዬዋለሁ።»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። አይደለሁም ማለትም አቃተኝ። መነጽሬን አጠበቅኩና ቤታችን እስክንቃረብ ድረስ የመንገዱን ዳር ሳይ ቆየሁ። ስንደርስ ከሒሳቡ በላይ ሰጥቼው ሳላመሰግነው ወረድኩ።

እህቴ ጓዳ ውስጥ ቁማ ሁሉንም ነገረችኝ። የማታው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከከተማው በላይ መብራቱን ያበራል። አባቴ አንድ ቀን ደጅ ተቀምጦ ያየዋል። «ሰላም አሉን» ይላል። በማግስቱም ያየዋል። በሦስተኛው ቀን ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዶ ባለ ቻርጅ ትልቅ ባትሪ ገዝቶ መጣ። ከአሮጌው የባቡር ፋኖሱ ላይ አረንጓዴውን መስተዋት ነቅሎ ባትሪው አፍ ላይ በቀጭን ሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው፣ አንድ ማታ ቀርቶ አያውቅም። የሚጋብዘው ቢኖር አይሄድም። ለቅሶ ቢሆን እንኳ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ይመለሳል።

«ለሕክምና ሂድ ስለው ማን ሰላምታ ይመልሳል አለኝ» አለች እህቴ። «አንቺ ነሽ ብሎ ነው። እኔ አይደለችም ብዬ ልቡን ልሰብረው? አንቺው ስበሪው።»

መብራቱን የምናበራው ወደ መሬት ስንቀርብ ነው። ደንብ ነው። ለማንም ሰላምታ አይደለም፤ ድሬም ይሁን ለንደን ያው ነው። ይህን ቁጭ ብዬ በጨዋ ደንብ አስረዳዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። እሱ ራሱ የደንብ ሰው ነው፣ ይገባዋል፣ ነገ እንሄዳለን። ወደ ሳሎን ስገባ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ስገባ በቀጥታ አላየኝም፤ ፊቱን ወደ ጎን ዘወር አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ ፈለገኝ። ሕመሙ የት ድረስ እንደሄደ ያኔ ገባኝ። ጉልበቱን ስሜ ስነሳ ትከሻዬን በእጁ ዳበሰ።

«ልብሱስ?» አለኝ። «ልብሱን አልለበስሽም?»

«ፈቃድ ላይ ነኝ አባ።»

«ምናለ ለብሰሽው ብትመጪ? ሰዎቹ ሊያዩሽ ይመጣሉ እኮ።»

ሰዎቹ የሚላቸው ሁለት የድሮ ባልደረቦቹን ነው። አንዱ ጣቢያ ውስጥ የስልክ ሠራተኛ የነበሩ፣ የትኛው ባቡር የት እንደደረሰ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲያስተላልፉ የኖሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቀላቅሉ፣ የባቡር ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ሙቀቱ በረድ ሲል ሁለቱም ጫታቸውን በላስቲክ አንጠልጥለው መጡ። ደጅ ምንጣፍ ተነጠፈ። እኔ ሻይ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉኝ መካኒኩ። «ሰማይ ላይ ሆነሽ አባትሽን ያልረሳሽ! የኛ ልጆች እዚህ ምድር ላይ ሆነው፣ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ሆነው፣ ረስተውናል፣ ወላሂ!»

«ከሬዲዮው ጀምሮ ሰምተናታል» አሉ የስልክ ሠራተኛው። «አንደበቷ ራሱ ተለውጧል። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

ምስጋናው በጨመረ ቁጥር እኔ አነስኩ። የምናገረውን በሆዴ ደግሜ ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ፤ መጀመሪያውን ቃል ግን ላገኘው አልቻልኩም። ሻይዬ ቀዘቀዘ። መሸት አለ።

የአውሮፕላኑን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው አባቴ ነው። እኔ፣ ሥራዬ የሆነው፣ ገና አልሰማሁም። ሽርጡን አጠበቀና ባትሪውን አንስቶ ቆመ። ግን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ነው የቆመው፤ ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ። የስልክ ሠራተኛው ተነሱና ክርኑን ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት። ማታ ማታ እንደሚያደርጉት ያስታውቃል። አውሮፕላኑ ከጨለማው ውስጥ መብራቱን አበራ፤ አባቴ አረንጓዴውን ባትሪ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሳይቸኩል አወዛወዘ። የመካኒኩ እጅም ወደ ላይ ወጣ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እኔ እዚህ ነኝ። አጠገቡ። ታዲያ ለማን ነው የሚያወዛውዘው?

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠና እንደ ሥራ አለቃ፣ «ይሄኛው ትንሽ ዘግይቶ አበራ» አለ። «የትናንቱ ይሻላል።»

«አባ፣ እኔ እዚህ ነኝ እኮ» አልኩት።

ሳቀ። «አይ አንቺ! አላወቅኩም መሰለሽ? አንቺማ ትልልቁን ነው የምትነጂው። ዛሬ ፓሪስ፣ ነገ ዱባይ። እነዚህ ባልደረቦችሽ ናቸው።»

«ማለት?»

«የአባትሽን ቤት ነግረሻቸዋል፣ እነሱም ያከብሩሻል፣ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያቋርጡ! የኛ ሰዎች እንኳ ዝናብ ሲሆን ይረሱ ነበር። አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። እነሱም ልክ ነው አሉ።

እህቴም፣ ባለ ባጃጁም፣ እኔም ተሳስተናል። አባቴ የማን አውሮፕላን እንደሆነ አልጠፋውም። ያመነው ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ለባልደረቦቼ ስለ እሱ እንደማወራ ነው ያመነው። መብራቱ ደንብ ነው ብዬ ብነግረው፣ መብራቱን ብቻ አይደለም የምወስድበት። ማንም አያውቅህም፣ ለማንም አልተናገርኩም ማለቴ ነው። ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ሁሉ ተውኩት።

«እና ለዚህ ነው ሕክምና የማትሄደው?» አልኩት በቀጭን ድምፅ።

ፊቱ ኮስተር አለ። «ቤቱን ጨለማ ሆኖ ቢያገኙትስ? የእሷ አባት ናቀን ይላሉ። ቅር የሚላቸው ደግሞ በኔ አይደለም፣ ባንቺ ነው። ከወንዶች መሀል ብቻሽን ነሽ። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ልጅ ብለው እንዲያዩሽ አልፈልግም። ዓይኔ እስካለ ድረስ እመልስላቸዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያው ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን በችኮላ፣ «እነግራቸዋለሁ አባ» አልኩት። «ለሕክምና ሄዷል፣ ለጥቂት ቀን ቤት የለም እላቸዋለሁ። ማንም አይቀየምም።» ውሸቷ ስትወጣ ቀለል አለኝ። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። ዓይኑም ይድናል፣ እኔም አልጋለጥም።

«ደግ ብለሻል» አሉ የስልክ ሠራተኛው። «እንግዲያው አሁን ይደወልላቸው።»

«አሁን?»

«መልእክቱ መድረሱ ሳይታወቅ ባቡር ከጣቢያ ይለቀቃል እንዴ? ስንት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ምን ሆነና!»

«ልክ ነው» አለ አባቴ። «መድረሱን በጆሮዬ ካልሰማሁ አልነቃነቅም።»

«በረራ ላይ ናቸው አባ፣ ስልካቸው ዝግ ነው።»

«አሁን ያለፈው አርፏል እኮ። ሰው እስኪያወርድና እስኪጭን ጊዜ አለው። ደውዪ።»

የማን በረራ እንደሆነ በስልኬ አየሁ። ከሰው ሁሉ እሱ! በትናንሾቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ላይ ረዳት አብራሪ ሳለሁ ለረጅም ጊዜ አብሬው የበረርኩ አንጋፋ ካፒቴን ነው፤ ሥራውን ያስለመደኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ባያነሳ ብዬ እየጸለይኩ ደወልኩ። አባቴ «ድምፁን ክፈቺው» አለ። ከፈትኩት። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«ካፒቴን! እንዴት ነሽ? ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ። ድሬ ነህ አይደል?»

«አሁን አረፍኩ።»

ሁሉም ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። እህቴ በሩ ላይ ቁማለች። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «አባቴ እዚህ ድሬ ነው የሚኖረው። ዓይኑን ለማሳከም አዲስ አበባ ልወስደው ነው። እና ለጥቂት ቀን ቤት አይኖርም። ይህን ልነግርህ ነው።»

ሰውየው ግራ እንደገባው በድምፁ ያስታውቃል። «አባትሽ?» አለ። «ድሬ ዳዋ? አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

የመካኒኩ እጅ ቅጠል እንደያዘ አፋቸው አጠገብ ቆመ። ድምፁን ልዘጋ ጣቴን ሰደድኩ፣ ላብ አዳለጠኝ፣ አልዘጋ አለ።

ካፒቴኑ ሳቀ። መልካም ሰው ነው፣ በክፋት አይደለም የሚስቀው። «ያ ሁሉ ጊዜ አብረን ድሬ ስንመላለስ አንድ ቀን አልነገርሽኝም እኮ! ሙሸበክ እንኳ ያስለመድኩሽ እኔ አይደለሁ?»

እውነቱን ነው። አንድ ቀን ድሬ ላይ ቆመን መንገደኛ ስንጠብቅ በወረቀት የተጠቀለለ ሙሸበክ አስገዝቶ አምጥቶልኝ ነበር። ይሄ የድሬ ሰዎች ጣፋጭ ነው፣ ቅመሽው አለኝ። እኔ፣ የቀፊራን ገበያ ሙሸበክ ጣቴን እየላስኩ ያደግኩት፣ በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ አንስቼ «ምን ይሉታል?» ብዬ ጠየቅኩት። ቤታችን ከዚያ በባጃጅ ሩቅ አልነበረም። አባቴ ያን ቀን ቤት ነበር።

«ለማንኛውም እግዜር ይማራቸው» አለ ካፒቴኑ። «ግን ቤት አይኖርም ያልሽኝ አልገባኝም። እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉን ነገር ሰምተዋል። እህቴ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። የአባቴን ፊት ለማየት አልደፈርኩም፤ ምንጣፉን ነበር የማየው። ከዚያ የአባቴ እጅ ወደ ድምፁ ሲዘረጋ አየሁ። መጀመሪያ ሳተው፣ አየር ያዘ። ሁለተኛ ሲዘረጋ የእጄን አንጓ አገኘና ስልኩን ከመዳፌ ውስጥ ወሰደው።

«ካፒቴን፣ እንደምን አመሸህ ልጄ። አባቷ ነኝ» አለ። ድሮ ከለገሀር አለቆች ጋር ሲነጋገር የሚያወጣው፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ነበር።

«አባባ! እንደምን አመሹ! ይማርዎት!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ልጄ አፍራ ነው የተደናገራት። እኔ በዕድሜዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ባቡር እንጂ። አስቸጋሪ ሽማግሌ ይዤባችሁ እመጣለሁ ብላ ልታስጠነቅቅህ ነው።»

ካፒቴኑ ከልቡ ሳቀ። «ይምጡ እንጂ አባባ! በክብር ነው የምንወስድዎት።»

«ስለ አንተ ሁሌ ታወራኛለች» አለ አባቴ። «ያስተማረኝ እሱ ነው ትለኛለች። ከሰው ሁሉ የሚያከብረኝ እሱ ነው ትለኛለች። አንተን የመሰለ ባልደረባ ስላላት እኔ እዚህ ሳልሳቀቅ እተኛለሁ። አላህ ይጠብቃችሁ።»

ካፒቴኑ «እሷም እኮ አባባ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ሊዋሽልኝ ፈልጎ ነበር፣ ምን ብሎ እንደሚዋሽልኝ ግን አያውቅም። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብሎ ጨረሰው።

አባቴ ስልኩን መልሶ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠልኝ። የስልክ ሠራተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የዘንድሮ ሙቀት ደግሞ፣ አቦ…» አሉ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ። «ወላሂ፣ የዘንድሮስ ልዩ ነው» አሉ መካኒኩ። ስለ ሙቀት ማውራት ጀመሩ፤ ድሬ ላይ ሽማግሌዎች ስለ ሙቀት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፣ ግን ማልቀሱም ሌላ ውለታ መጠየቅ ስለመሰለኝ ያዝኩት።

አባቴ በሩ ላይ የቆመችውን እህቴን ጠራት። «ሻንጣዬን አዘጋጂ» አላት። «ነገ እንሄዳለን።» ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙት ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ፊቱን ወደ ጎን ዘወር አድርጎ፣ በቀረችው በዓይኑ ጠርዝ ፈልጎ አገኘኝ።

«ደህና ሰው ይመስላል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሙ ማን ነው?»